ፊልም የማይጥማት ተማሪ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ተማሪ አንድም ፊልም አይጥማትም። ነጭ ጫማዋን ሰው እንዳይረግጥባት እግሯን ሰብስባ፣ ማስቲካ እያላመጠች፣ በጓደኛዋ ስልክ ተከታታይ ድራማ ታያለች፤ ማየት ከተባለ። ዋናው ተዋናይ ሲያለቅስ «ይሄ ሽንኩርት ልጦ ነው የመጣ» ትላለች። ሙሽራዋ ስትስቅ «ጥርሷን ለማሳየት ነው የቀጠሯት» ትላለች። ፍርዷን ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማላት ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። እንዲህ ዓይነቷን ንቆ ማለፍ ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ቀረ።

«ምነው አንቺ፣ አንድ እንኳን ሸጋ ነገር አይታይሽም?» አለቻት ጓደኛዋ።

ድራማው ላይ አንዲት እናት ልትሞት አልጋ ላይ ተኝታ ልጇን መመረቅ ጀመረች። ምርቃቱ ረዘመ። ተማሪዋ ከት ብላ ሳቀች።

«ውሸታሞች! ሰው ሲሞት ይሄን ሁሉ ያወራል? እማዬ ‹ውሃ› ብቻ ነው ያለችኝ። ቀድቼ እስክመለስ እንኳን አልጠበቀችም።»

ጓደኛዋ ደንግጣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ተማሪዋ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው ባክሽ! መርቃ ትጨርስ።»