ማንም ሳይጠይቀኝ የጻፍኩት ደብዳቤ

ደብዳቤውን ለሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ አስረከብኩ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ኦዲተር አልመጣም፣ ጥቆማ አልደረሰም፣ የከሰሰኝ ታካሚም የለም። «ታዲያ ምን ነካህ?» አለ። ሐኪም ሌላውን አይዞህ ሲል ነው የሚኖረው፤ እኔ ራሴ ፈርቻለሁ ማለት አሳፈረኝ።

የምሠራው ከመሐል ሜዳ ራቅ ባለች አንዲት የመንዝ ከተማ፣ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የአልትራሳውንድ ማሽናችን ተበላሽቶ ለወራት ቆመ። ያኔ ታካሚዎቼን ወደ ደብረ ብርሃን እልክ ነበር። የምልካቸውም ሁልጊዜ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ባለቤቱ አበልጄ ነው። አብረን ተምረናል፤ ሚስቱ ሴት ልጄን ክርስትና አንስታለች። ልጄ ደብረ ብርሃን ስትማር የምትበላውም የምታድረውም እነሱ ቤት ነው። እሱ ሰው ላክልኝ ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም ልጄን አኑርልኝ ብዬው አላውቅም። በአበልጅ መካከል እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጣጣው የመጣው ማሽኑ ሲጠገን ነው። ባለሙያ መጥቶ ሠርቶት ሄደ። በማሽኑ ላይ የሠለጠንኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሽፋኑን ገልጦ ሥራ መጀመር የኔ ፈንታ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሰነበትኩ። በዚያው ሰሞን ልጄ ደውላ፣ «አባዬ፣ የክርስትና እናቴ የራሴን ክፍል ሰጠችኝ!» ብላ በደስታ ጮኸች። በማግስቱ ለመጣው ታካሚ፣ «ማሽኑ አይሠራም» አልኩት። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ቀለለኝ። ሁለተኛውን ታካሚ ስዋሽ ፊቱን እንኳ አላየሁትም።

ከዚያ ያቺ ነፍሰ ጡር መጣች። ከጓሳ አጠገብ ካለ መንደር በበቅሎ ያመጧት እናቷ ናቸው። የመጀመሪያዋ ነው፤ ቀኗም ገፍቷል። የሽሉን አቀማመጥ ማየት ነበረብኝ። ማሽኑ ከጀርባዬ ነው። እኔ ግን ወደ ደብረ ብርሃን የሚልካትን ወረቀት ጻፍኩላት።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሞላሌን እንዳለፉ ጎማ ፈነዳና ቆሙ፤ ቆመው ሳለ ምጧ መጣ። ጉሙ አጠገብ የቆመን ሰው አያሳይም ነበር አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጋርደውላት መንገድ ዳር ወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። አንድ ጭነት መኪና ደርሶ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ባይመልሳት ሞታ ነበር። ይህን የነገረችኝ አዋላጃችን ናት፣ ሻይዋን እየጠጣች። «ተመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት አለቀቀኝም። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ሳይከፈት አንድ ሸክም ሣር አጭዶ ነበር። የጓሳ ሣር ሽማግሌዎቹ ሳይፈቅዱ አይነካም። ማንም አላየውም። ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለና በአራተኛው ማጭዱን ይዞ ራሱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደ። ቅጣቱ አልቀለለለትም፤ ሲመለስ ግን በላ። እኔም ደብዳቤውን የጻፍኩት እንደሱ እበላለሁ ብዬ ነው።

የታባቱ! ጭራሽ ባሰብኝ። ደብዳቤው ወደ በላይ አካል ተላከ፤ ፈቃዴን ይነጥቁኝ ይሆን፣ ከሥራ ያባርሩኝ ይሆን እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ። አበልጄ ደወለ፤ «ባጎረስኩ ተነከስኩ» አለና ዘጋው። ልጄን አላባረሯትም። «አባዬ፣ ራት ላይ ማንም አያናግረኝም፤ ምን አደረግኩ?» ያለችኝ ራሷ ናት።

ውሳኔውን ስጠብቅ አንድ ቀን ያቺን ነፍሰ ጡር በበቅሎ ያመጧት እናቷ አገልግል ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ሊከሱኝ የመጡ መሰለኝ።

«አንተ ወረቀቱን ባትጽፍላት እዚያ ጋራ ላይ፣ ቤቷ ውስጥ ትቀርብኝ ነበር» አሉኝ። «መኪና ላይ ስላወጣሃት ተረፈችልኝ። ልጁ ወንድ ነው። ከነገ ወዲያ አርባው ነው፤ ክርስትና አንሳልን፣ ልጄ።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ክስ ስፈራ የመጣብኝ ምስጋና ነው፤ ከክሱ የባሰ አስፈራኝ። እሺ ብል ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም መርቀውኝ ይሄዳሉ።

«እማማ፣ እስቲ ይቀመጡ» አልኩና ነገርኳቸው። ማሽኑ ያን ቀን ይሠራ እንደነበር፣ ልጃቸውን ወደ ማን እንደላክኳት፣ ለምን እንደላክኳት። ዐይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም።

«የቱ ነው እሱ ማሽን?»

አሳየኋቸው። አሁን ሽፋኑ ተነስቷል። እሳቸው ከተቀመጡበት እስከ ማሽኑ አራት እርምጃ አይሞላም። ያን ቀን ልጃቸው የተቀመጠችውም እዚያው ወንበር ላይ ነበር።

«አልደበቅኩም እማማ፣ ለአለቆቼ ጽፌያለሁ» ብዬ የደብዳቤውን ቅጂ ከመሳቢያ አወጣሁና ፊታቸው ዘረጋሁት። ፊደል እንዳልቆጠሩ አውቃለሁ። እንዲያዝኑልኝ ፈልጌ መሆን አለበት።

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ልጄ የቱ ጋ ናት?»

አየሁት። ስሜ አለ፣ የአገልግሎት ዘመኔ አለ፣ በገዛ ፈቃዴ ማሳወቄ ከግምት እንዲገባልኝ የሚል ልመናም አለ። ስለ ታካሚዎቹ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «በአንዳንድ ተገልጋዮች ላይ መጉላላት ደርሷል» ይላል። የእሳቸው ጣት ያረፈው ፊርማዬ ላይ ነበር።

«የለችም፣ እማማ» አልኩ።

አገልግላቸውን አንስተው ወጡ። ልጁን ክርስትና ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

እኔ የታካሚዎቹን መዝገብ አወጣሁ። ማሽኑ ከተጠገነ በኋላ የላክኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጻፍኩ፤ እያንዳንዳቸው ተጠርተው እውነቱ እንዲነገራቸው፣ የምነግራቸውም እኔ እንድሆን ጠየቅኩ። መንገድ ዳር የወለደችው ሴት ስም ከሁሉም በላይ ነው። ሁለተኛውን ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ስሞቹን እስከ ታች አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁንስ ማን ጠየቀህ?»

«እናቷ» አልኩት።