የነነዌ ሳምንት

የሻለም የምታስተምረው መካነ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ቆርቆሮ በለበሰች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ሕፃናት አሏት። መማሪያ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ሳምንት አንድ ርዕስ ትሰጠውና ቀለሙንም፣ ቁጥሩንም፣ መዝሙሩንም፣ ጨዋታውንም በዚያው ዙሪያ ታሰናዳለች። ለጥምቀት ሰሞን ርዕሱ ውሃ ነበር። ለነነዌ ጾም ደግሞ ዮናስን መረጠች።

ካርቶን ፍለጋ ጎረቤቷ ፈይዛ ሱቅ ገባች።

«ደግሞ ዛሬ ምን ልትሠሪበት ነው?» አለች ፈይዛ።

«ዓሣ። ዮናስን የሚውጥ።»

«ነቢ ዩኑስን? ወላሂ የኛም ሰው ነው እኮ! በይ ትልቁን ውሰጂ፣ በጠባብ ሆድ እንዳታስጨንቂው።»

ተሳሳቁ። የሻለም ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር።

ሰኞ ዕለት ልጆቹ አንገታቸው በሚገባበት ልክ የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት ለብሰው የነነዌን ሰዎች ሆኑ። አንዱ ንጉሥ፣ ሌሎቹ ሕዝብ፣ አራቱ ከብት። አምስት ዓመቷን ገና የደፈነችው መቅደላዊት ጥጃ ሆነች። ምሳ ዕቃቸውን ጥግ ላይ ደርድረው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል «ጾሙ»።

«ቲቸር፣ ጥጃም ጾመ?» አለች መቅደላዊት።

«አዎ፣ ከንጉሡ እስከ ጥጃው ሁሉም።»

«ከዚያስ?»

መቼም ለሕፃን ስለ ከተማ ጥፋትና ስለ ምሕረት ማስረዳት ከባድ ነው። የሻለም ልታቀልላቸው ብላ፣ «ከዚያማ እግዚአብሔር አያቸውና የለመኑትን ሰጣቸው» አለች። በቃ፣ ይችን ነው ያለችው።

የመቅደላዊት አባት አለኸኝ መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ እንደወረደ አልተመለሰም። ከኅዳር ወዲህ ስልኩም አይሠራ። የሻለም ይህን ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው ያን ቃል ያለችው፤ በሰዓቱ ትዝ አላላትም።

ማክሰኞና ረቡዕ የልጅቱ ምሳ ዕቃ ሳይነካ ተመለሰ። እናቷ ይታይሽ ግን አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ኮራች። ማታ ማታ ከትልልቆቹ ጋር ትበላለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ «ይች ልጅማ የተባረከች ናት!» እያለ ጉንጯን ይስማታል። እዚያ አገር ሕፃን ልጅ ለሁለት ቀን ጨክኖ ጾመ ሲባል የማይመርቅ ማን አለ? የሻለምም አመስግናታለች። በልጆቹ ፊት አስጨብጭባላታለች።

ሐሙስ ጾሙ ተፈታ። መቅደላዊት ግን አልፈታችም። የማታውንም ተወችው። ዓርብ ጠዋት ይታይሽ ልጇን አዝላ መጣች።

«ምንድን ነው የነገርሻት የሻለም? ከውሃ በስተቀር ምንም አትቀበለኝም። ባጎርሳት ትተፋዋለች።»

የሻለም ልጅቱን ከጀርባዋ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። እንደ ጨርቅ ነው የቀለለቻት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«መቅዲዬ፣ ጾሙ እኮ አለቀ። እግዚአብሔር ሰምቶሻል።»

«አባቢ መጣ?»

«አልመጣም፣ ግን...»

«ሁሉም ስላልጾመ ነው። እማዬ ረቡዕ ቀን ቆሎ ቃመች። አይቻታለሁ።» ቁጣ አልነበረባትም፤ ያየችውን ነው የምትናገረው። «አሁን በሷ ፈንታ እየጾምኩ ነው።»

ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣችና ወደ ደጅ ወጣች።

የሻለም እውነቱን መናገር ነበረባት። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ጾም ሰው አያመጣም» ማለት ነበረባት። ግን እንዲህ ብትላት ልጅቱ ትበላለች? ደግሞስ ክፍሉን ሙሉ ያስተማረችው ምን ሊሆን ነው? የተሰነጠቀው ከንፈር ዓይኗ ሥር ነው። ቸኮለች።

«ነገ ይመጣል» አለች።

«ማን አለ?»

«እግዚአብሔር።»

መቅደላዊት ለረዥም ጊዜ አየቻትና አፏን ከፈተች። የሻለም አጥሚት እያቀዘቀዘች በማንኪያ አጠጣቻት። ይታይሽ በበሩ ስታይ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች አለቀሰች። ልጅቱ ምን ተብላ እንደበላች አልጠየቀችም።

ቅዳሜ የሻለም አልሄድም ስትል ዋለችና መጨረሻ ላይ መናኸሪያ ሄደች። እናትና ልጅ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ «አባቢ ዛሬ ይመጣል» ብላ እናቷን ጎትታ ያመጣቻት ልጅቱ ናት። መቅደላዊት የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ የመጣ ሚኒባስ ገባ፤ ሰዎች ወረዱ። ሌላ ገባ። በሦስተኛው ልጅቱ ከእናቷ እጅ አምልጣ ሮጠችና፣ የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ ደረጃው ላይ ወጥታ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየች።

«እትዬ ይታይሽ፣ ሌላ መኪና የለም ዛሬ» አለ ረዳቱ፣ በሩን እየዘጋ።

የሻለም አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ልጅቱ አየቻት። አየቻትና ፊቷን አዞረች።

ለሚቀጥለው ሳምንት ከወር በፊት የተጻፈው ርዕስ፣ «ጠፍቶ ወደ አባቱ ቤት የተመለሰው ልጅ» የሚል ነበር። የሻለም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወረቀቱን ቀደደችው። በምትኩ ቅርጾችን ጻፈች፤ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። ለማንም ምንም ተስፋ የማይሰጥ ነገር ፈልጋ ያገኘችው ይሄን ነው።

ሰኞ መቅደላዊት ምሳዋን በላች። ቂጣዋን እስከ መጨረሻው ጨረሰች፣ ማንም ሳይለምናት። የሻለም ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ሁሉም ጮኸው መለሱ።

መቅደላዊት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማን አለ?»

የሻለም ወደ ሰሌዳው ጠርታ ጠመኔውን ሰጠቻትና ክቡን በራሷ እጅ አስሣለቻት። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው መጫወት ጀመሩ።