እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ

ሐኪሙ ያዘዘልኝን ካልሲ ጠዋት ጠዋት እየታገልኩ አጠልቃለሁ። እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ አጥብቆ ይይዛል። በቆቦ ሙቀት እንዲህ ያለ ነገር የሚለብስ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሐኪም ያምናል። ደሜ ያለ ምክንያት ቶሎ የመርጋት ጠባይ አለው አሉኝ፤ በዘር የሚመጣ ነው። "ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበረ?" ሲሉኝ የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሰሞን ነበር። በእኛ ቤት አራስ ከአልጋ አትወርድም፤ መሬት ከረገጠች ብርድ ይገባታል ይባላል። እንግዲህ አስበው፣ ውጪ ግመሉ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ጥቂት ቀን እንደተኛች ግራ እግሯ አበጠ፤ ቆዳው ተወጥሮ አበራ። እሷ ግን ትስቅ ነበር።

"አንዱ እግሬ ወልዷል" አለችኝ፤ "ይኼኛው ገና እርጉዝ ነው።"

እናቴ ወጌሻዋን አስጠራች። በመስኮቱ ንቃቃት በገባው ብርሃን የሴትዮዋ እጆች በቅቤ ያብለጨልጩ ነበር። ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ላይ እየገፋች አሸች።

"አብሽሪ ልጄ፣ ደሙ ቆሞብሽ ነው። እናስኬደዋለን።"

ሄደም። ከሰዓት በኋላ እህቴ ድንገት ቀና አለች። ሕፃኗን ታቅፌ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

"ወንድምዓለም፣ አየሩ አልበቃኝ አለ" አለች፣ እንደ ቀልድ።

መስኮቱን ከፈትኩ። በሩን ከፈትኩ። ሌላ የሚከፈት ነገር አልነበረም።

ሞቷ ምች ነው ተባለ። የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ፣ የረጋ ደም ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ይዘጋል እያሉ በወጌሻዋ ላይ ይፈርዳሉ። እኔ አልፈርድም። ከመካከላችን አንድ ነገር ለማድረግ እጇን የዘረጋች እሷ ብቻ ነበረች። ማሸቱ ይሁን፣ መተኛቱ ይሁን፣ ደማችን ይሁን፣ ለይቶ የሚነግረኝ ዛሬም የለም።

ያቺ ሕፃን አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ እርጉዝ ናት። ሐኪሙ እሷም ትመርመር ብሎኛል። ትናንት ልትጠይቀኝ መጥታ እግሬን አየች።

"አጎቴ፣ አብጦብዎታል እኮ። ትንሽ ልሽልዎት?"

እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ የእናቷ ናቸው።

"ተይው" አልኳት።

"ለምን?"

ካልሲውን ሰጠኋት፤ ተንበርክካ ቀስ አድርጋ አጠለቀችልኝ።