በሩን ዘግተን የበላን ቀን

ይህ የሆነው መካነ ሰላም ውስጥ፣ በረሃቡ ጊዜ፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሌላውን ነገር እየረሳሁት መጥቻለሁ። ይቺ ግን ምሳ በቀረበ ቁጥር ትመጣብኛለች።

በእኛ አገር በር ተዘግቶ አይበላም። ማዕድ ከቀረበ በሩ ይከፈታል፤ አላፊ አግዳሚው «እንብላ» ይባላል። ከአጥር ማዶ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ከልጃቸው ከራህመት ጋር ይኖሩ ነበር። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ለፋሲካ ዶሮ ከነነፍሷ ያመጡልን ነበር፣ የራሳችን ሰው እንዲባርካት። የእኔ ዓይን አፋርነት ያስቃቸዋል። «የዚች ባል ድምጿን ለመስማት ሽማግሌ ሳይልክ አይቀርም!» ይሉ ነበር።

በዚያ ቀን እናቴ ጎመን ቀቅላ የቀረችንን አንድ እፍኝ የገብስ ዱቄት ነሰነሰችበት። ትንሹ ወንድሜ እግሩ አብጦ መቆም አቅቶት ነበር። እናቴ በሩን ዘጋች። ገና አንዴ እንደጎረስን ከደጅ ተጠራን።

«ቤቶች! ብርቄ!»

እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ የሚጠሩት እናቴን ነው። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እንዳይሰማብን ማኘክ አቆምን።

«ጭሱ ይታየኛል እኮ፣ ብርቄ። ለመብል አልመጣሁም። ራህመትን ይዤ ደሴ መሄዴ ነው፤ እህል ይሰጣሉ አሉ። አፉ በሉኝ ልላችሁ ነው።»

ከእኛ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ይቅር በሉኝ ሳይል አይወጣም። ይቅር ሳይባልም አይሸኝም። ግን በሩን ከከፈትን ማካፈል ግድ ነው። እናቴ የወንድሜን አፍ በእጇ ያዘች።

«ጥሩዬ፣ አንቺም የለሽ?» አሉኝ።

ጎመኑ አፌ ውስጥ ነበር።

ትንሽ ቆሙ። «በሉ እሺ። እኔስ አፉ ብያችኋለሁ» አሉና ኮቴያቸው ራቀ።

ከሳምንታት በኋላ ከደሴ የተመለሱ ነጋዴዎች የእትዬ ዘሀራን መሞት ነገሩን። የተቀበሩት መንገድ ዳር ነው። ወንድሜ ተረፈ። በዚያች ጎመን ነው ለማለት ግን አልደፍርም። እናቴ ከዚያ ወዲህ አቧራ ቢነሳም በር ዘግታ በልታ አታውቅም።

ልጃቸው ራህመት ግን በሕይወት ኖራ ባለፈው ዓመት ተመለሰች። ምሳ ላይ በደጃችን ስታልፍ እናቴ «እንብላ ልጄ» አለቻት። ገብታ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ቀን ቤት አልነበራችሁም አይደል? እናቴ መንገዱን ሁሉ ‹ውሃ ወርደው ነው› ስትለኝ ነበር።»

እናቴ አቀረቀረች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ መልሼ አላውቅም።

«ውሃ ወርደን ነበር» አልኳት።

አሁን በእናቷ ቤት ትኖራለች፤ ትወደኛለችም። በየቀኑ አፉ በይኝ ልላት እነሳና ድምፄ ይጠፋል። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትም እሷ ማንበብ ስለማትችል ነው።