ድስቱን አልለቅም አልኩት

ባለፈው ሳምንት ጠዋት... ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ልጄን ቁርስ ላጎርስ ስል ዝናቡ ጀመረ። ጅቡቲ ብዙ ጊዜ አይዘንብባትም፤ ሲዘንብባት ግን ቤት ይዞ ይሄዳል።

ውሃው ደጃፉን አልፎ ምንጣፉን ሲያርስ መጀመሪያ ያነሳሁት ልጄን ነው። ቀጥሎ ያንን በእንፋሎት የሚያበስለውን፣ ክዳኑ ጎማ ያለውን ድስት። ፓስፖርቴን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የልጄን የልደት ወረቀትና የአስም መድኃኒቷን ከተትኩና ክዳኑን ጠረቀምኩት። ውሃ አያስገባማ!

ምን እንዲህ አደረገሽ የሚለኝ ካለ... እህቴ ናት። አምና «ራፍል» የሚሉት አፈሳ ላይ ወረቀቷን ቤት ትታ ወጥታ አገኟት። «ፈቃድ አለኝ፣ ቤት ነው» እያለች ኢትዮጵያ ድንበር ወስደው ጣሏት። ቅያሪ ልብስ እንኳን አልያዘችም።

ልጄን አዝዬ ስወጣ መንገዱ ጫፍ ላይ ወታደሮች ሰው በካሚዮን ይጭናሉ። አንዱ ገና ሲያየኝ ጮኸ።

«ሰው ብቻ! ዕቃ አይጫንም!»

«ዕቃ አይደለም» አልኩት በሶማልኛ።

«ድስት ዕቃ ካልሆነ ምንድነው? ተይው፣ እዚያ ምግብ ይሰጣችኋል!» ብሎ እጀታውን ያዘ።

እኔም ያዝኩ። እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጎትታለሁ... ውሃው ጉልበቴ ደርሷል፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች። ካሚዮኑ ላይ ያሉት ደግሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ለወጥ ብለሽ ልታስፈጂን ነው?» ይሉኛል።

ሰው ፊት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ወጥ አይደለም! እኔና ልጄ ነን እዚህ ውስጥ ያለነው! እሱን ካስቀረህ እኔንም አስቀረኝ!»

እጀታውን ለቀቀ። ልጄን ተቀብሎ ጫናት። ቀጥሎ ድስቱን። በመጨረሻ እኔን።

የወሰዱን ትምህርት ቤት ነው። በር ላይ አንድ መዝጋቢ ወረቀት እያየ ብርድ ልብስ ያድላል። ድስቱን ስከፍት ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንዲት ጠብታ አልገባችም!

ከኋላዬ የቆመችው ጎረቤቴ ሙሉ ግን አልሳቀችም። የእሷን ሳጥን ከነወረቀቷ ውሃው ወስዶታል። መዝጋቢው «ወረቀት የሌለው ወደዚያ» ብሎ ፖሊሶቹ የቆሙበትን ግድግዳ አሳያት።

ድስቴን ዘግቼ እዚያው ቆምኩ።

«ጎረቤቴ ናት፣ አውቃታለሁ። እሷ ሳትጻፍ አልገባም» አልኩት።

«ማዳም፣ ሰልፉን ዘጋሽው እኮ!»

«እዘጋዋለሁ!»

ከሰልፉ መሃል አንዲት የሰፈራችን የአፋር እናት «እኔም አውቃታለሁ» አሉ። ቀጥሎ ሌላ ሰው... ከዚያ ሌላ። መዝጋቢው በረጅሙ ተነፈሰና እስክሪብቶውን አነሳ።

«ስምሽ ማነው?» አላት።

ሙሉም ስሟን እስከ አያቷ ጠራች።

ዛሬ ውሃው ጎድሎ ወደ ሰፈራችን ተመልሰን፣ ሁለታችን ከየቤታችን ጭቃ እየጠረግን ነው... ማንም በውሃ አሳብቦ ከዚህ አያስወጣንም!