እንቁራሪቶቹን የነካ እጅ

ሞባይል ገና ለእኛ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ዓረብ አገር፣ ሺፋ በሚባል ሰፈር በሠራተኝነት የገባሁበት ቤት ላይኛው ፎቅ ስድስት የመስታወት ሳጥን ሙሉ እንቁራሪት ነበር። የሚያረባቸው የቤቱ ትልቁ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሳያቸው በስመ አብ ብዬ ወደኋላ አልኩ። ልጁ ለትምህርት ጂዳ ሲሄድ ግን ውሃ መቀየሩም፣ ፌንጣ ማብላቱም በእኔ ላይ ወደቀ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ስገባ ሁሉም ዝም ብለው ዓይናቸውን ያፈጡብኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ከሰዎቹ ይልቅ እነሱን ለመድኩ።

አንድ ቀን በሩ አጠገብ ባለው ሳጥን አንዷን ቆዳዋ ተላጦ፣ ፈዝዛ አገኘኋት። እኛ ዘንድ የታመመ ይቀድማል፤ ጤነኛው ይደርሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከእሷ እጀምራለሁ፤ አንስቼ አጥባታለሁ፣ ፌንጣውን አፏ ድረስ አቀርብላታለሁ፣ ከዚያ በዚያው እርጥብ እጄ ወደ ቀጣዩ። ሞተች። በሳምንቱ ሁለተኛው ሳጥን ተከተለ፣ ከዚያ ሦስተኛው። አንድም ሳጥን ሳይዘለል፣ እኔ በምሄድበት ተራ፣ እግራቸውን ዘርግተው ዓይናቸው እንደተከፈተ ይሞታሉ። እጄን በበረኪና ፈተግኩት፤ ጭራሽ ባሰ።

የከፊሌ፣ ማለትም የአሠሪዬ እናት፣ ሁላችንም ማማ የምንላት አሮጊት፣ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። የቀዳሁላትን ሻይም መጠጣት ተወች። ያኔ እንደጠረጠረችኝ ገባኝ። በዚያ አገር ሲሕር ሠራች፣ መተተች ከተባልሽ የሚጠብቅሽ ፖሊስ ነው፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ኖረሽ አልኖረሽ የሚሰማሽ የለም። የጎረቤት ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ፣ ከዚህ ቤት ቶሎ ውጪ ብላ መከረችኝ። ሳቅኩባት። ብቻዬን ስሆን ግን እጄን አገላብጬ አየሁት፤ ምን ይታወቃል ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ።

ፌንጣ የሚያመጣልን ግብፃዊ ሳጥኖቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እንቁራሪት ውሃ የሚጠጣው በቆዳው ነው፤ በሽታውንም በረኪናሽንም ከእጅሽ ይጠጣል አለኝ። ከጤነኞቹ ጀምሪ፣ በሽተኛውን መጨረሻ አድርጊ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ ታጠቢ፣ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ አለቅልቂ። በቃ፣ ይኸው ነው! እኔ ጠያቂ ነኝ ብዬ ሞትን ከቤት ቤት ሳዞር ከርሜያለሁ። እጄ አመድ አፋሽ ነው ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ እንዳለኝ አደረግኩ፤ ሃያ እስክቆጥር እያለቀለቅኩ። ሞቱ አራተኛው ሳጥን ላይ ቆመ። ኸላስ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም አልሞተም።

እፎይ ልል ስል ጉድ ፈላ። ማማ መተተኛ መሆኔን ያመነችው ሞቱ ሲቆም ነው። ለቤቱ እመቤት፣ ለማዳም ስትነግራት ወጥ ቤት ሆኜ ሰማኋት፤ የሚፈታው ያው ያሰረው ነው ትላለች። እጄን ስታጠብ መቁጠሬንም ድግምት አድርጋዋለች። ላስረዳት ብሞክር ጆሮ አልሰጠችኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጋደም ባለበት፣ ከዘራዋን እየጎተተች እንቁራሪቶቹ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን ሰበሰበች። ጉልበቷ አብጧል።

"እነሱን እንደፈታሽ እኔንም ፍቺኝ" አለችኝ።

እምቢ ብል አሳሪዋ እኔ ነኝ። እሺ ብል መተተኛነቴን አመንኩ። እጄን ታጠብኩና፣ እንደቀዘቀዘ ጉልበቷ ላይ አሳረፍኩት። ዓይኗን ጨፈነች። በዕድሜዬ ሰው እንዳይድን የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮቴዋን ደረጃው ላይ ሰማሁት፤ ከዘራው አብሮ አይሰማም። ማዳምን ጮክ ብላ ትጠራለች። ጫማዬን አጠለቅኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ፓስፖርቴ በከፊሌ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።