ቅቤ የገባበት ደም

ባለፈው እሑድ እትዬ ዘይነባ ገንፎ ፊቴ አስቀመጡ። መሐሉ ላይ የተንቆረቆረውን ቅቤ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። ልጃቸው ከድር ከጎኔ ማንኪያውን ይዞ ተዘጋጅቷል። ይህ ሰው ዛሬ ከእኔ ጋር ገንፎ ለመሻማት የበቃው ከሞት ለጥቂት ተርፎ ነው።

ወጣት ሳለን ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ነበርን። አንድ ክረምት ከድር ታመመና የአፍንጫው ደም አልቆም አለ። ሐኪሞቹ ደም የሚያረጋውን ክፍል፣ ፕሌትሌት የሚሉትን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኘ ለሕይወቱ ያሰጋዋል አሉ። የእኔ ደም ገጠመ። "እኔ እያለሁ ምን ያሳስባችኋል?" አልኩ። ያኔ በጉልበቴ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዘይነባ በር ላይ ያዙኝ።

"ባዶ ሆድህን ደም ልትሰጥ? አራስ እንኳ ደሟ የሚተካው በገንፎ ነው!"

ቅቤውን ሳይሰስቱ አፈሰሱት። እኔም ጥርግ አድርጌ በልቼ፣ በካፊያው እያፏጨሁ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

ነርሷ ለሙከራ ጥቂት ደም ወስዳ አሽከረከረችው። ከላይ የቀረው ፈሳሽ ጠርቶ ቢጫ መሆን ሲገባው እንደ ወተት ነጥቷል።

"ምን በልተህ ነው የመጣኸው?"

"ገንፎ።"

"ቅቤስ?"

"ሞልቶ!" አልኩ በኩራት።

"በል ነገ ና። እንዲህ ሆኖ ማሽኑ ለይቶ አያወጣውም። ቅባት እንዳትቀምስ።"

ከገንፎው ጋር ከከድር ሁለት ቀን አንዱን በልቼበታለሁ። ይህ ለእናቱ እንዴት ይነገራል? "ማሽኑ ተይዞ ነው" አልኳቸው።

በማግስቱ ሌላ ገንፎ እየጨሰ ጠበቀኝ። ጨነቀኝ።

"እትዬ፣ ረቡዕ ነው። እጾማለሁ፤ ቅቤ አይሆነኝም።"

"አንተ? ከመቼ ወዲህ?"

"ከዛሬ።"

አይተው አይተውኝ ደረቅ ዳቦና ሻይ አመጡልኝ።

ደሜ በአንድ ክንዴ እየወጣ ማሽኑ ውስጥ ተሽከረከረ። የተፈለገው ከረጢት ውስጥ ቀረ፤ ሌላው በሁለተኛው ክንዴ ተመለሰልኝ። ከንፈሬን ነዘረኝ፤ ከረጢቱ ግን የጠራ የማር መልክ ነበረው። በዚያው ማታ ለከድር ተሰጠው፣ የአፍንጫው ደምም ቆመ።

በውሸት የጀመርኩትን ጾም ግን ማቆም አልቻልኩም፤ እትዬ ዘይነባ ያዩኛላ! ረቡዕ ረቡዕ እንደጾምኩ ይኸው ሸበትኩ።

እሑድ ዕለት ማንኪያዬን ሳነሳ፣ "ብላ ልጄ፣ ዛሬ ማሽን የለብህም" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "ማን ነገረዎት?"

"ነርሷ፣ ያኑ ማታ ለከድር ስትሰጠው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አሉ?"

"ለእኔ ብለህ የያዝከውን ጾም፣ እኔው ላስፈታህ?"

ከድር በሳቅ ፈረሰ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንግዲህ ነፃ ነኝ፤ የፊታችን ረቡዕ ቅቤ ብበላ የሚታዘበኝ የለም። አልበላም እንጂ።